ቅዱስ ያሬድና አቋቋም፦ ከአክሱም አደባባይ እስከ ሰሜን ተራሮች

ቅዱስ ያሬድ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ዜማ ነው። ስሙ ከድጓና ከሦስቱ የዜማ ስልቶች ተለይቶ አይጠራም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በእርሱ ስም ተሰይሟል። ይሁን እንጂ የያሬድ ዜማ በድምፅ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በክብረ በዓል ማኅሌት መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ፤ መቋሚያና ጸናጽል ይይዛሉ፤ ከበሮው ሲመታ ወደ ፊት እየተራመዱ፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዘነበሉ ቃሉን በመላ ሰውነታቸው ያደርሱታል። ይህ ሥርዓት አቋቋም ይባላል። የራሱ መምህራን፣ የራሱ ጉባኤ ቤት፣ የራሱም ምስክር ያለው ሙሉ ትምህርት ነው። ሌላው ዓለም ኮሪዮግራፊ የሚለውን የእንቅስቃሴ ድርሰት በሀገራችን እንፈልግ ብንል በመጀመሪያ የምንደርሰው እዚህ ነው።

የሊቃውንቱ ትውፊት የአቋቋምን መሠረት ለያሬድ ይሰጣል። የዘመናችን ጥናት ግን ያሬድን በዜማ ደራሲነቱ ተቀብሎ የእንቅስቃሴውን ነገር በግርጌ ያልፈዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የያሬድን ሕይወት ከእግሩና ከአቋቋሙ አንጻር መልሶ ለማንበብ ይሞክራል። አቅራቢው የደረሰበት ሐሳብ ያሬድ ለዚህ ሥርዓት ያበረከተው ትልቁ ነገር ይህ ወይም ያ እርምጃ አለመሆኑ ነው። ትልቁ ነገር ዜማንና ሰውነትን ማቆራኘቱ፣ ከዚያም ያንን የተቆራኘ ጥበብ ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች መውሰዱ ነው።

ስለ ያሬድ የምናውቀው በዋነኛነት ከገድሉና በግንቦት 11 ቀን ከሚነበበው የስንክሳር ትረካ ነው። ገድሉን ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1904 አሳትሞታል። ሁለቱም የተጻፉት ከያሬድ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ በመሆኑ፣ እንደ ዜና መዋዕል ቀንና ድርጊት እየቆጠሩ ሊያነቧቸው አይገባም። ያም ሆኖ ገድል የሚጽፍ ሰው ከብዙ ወሬ መካከል የትኛውን ትዕይንት እንደሚመርጥ መመልከት ራሱ ማስረጃ ነው። በያሬድ ገድል ውስጥ ደግሞ የተመረጡት ትዕይንቶች በሚያስገርም ሁኔታ የሰውነት ትዕይንቶች ናቸው።

በትውፊቱ መሠረት ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱን በሕፃንነቱ በማጣቱ በአክሱም ጽዮን ያስተምር ለነበረው አጎቱ ለጌዴዎን ተሰጠ። ትምህርት አልገባ ብሎት ብዙ ጊዜ ተገረፈ፤ በመጨረሻም ጠፍቶ ሄደ። ማይ ኪራሕ በሚባል ቦታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ሲሞክር አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ፤ ያሬድም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህ ታሪክ ለሕፃናት የትዕግሥት ምሳሌ ሆኖ ዘወትር ስለሚነገር ክብደቱ ቀልሏል። ለተመራማሪ የሚጠቅመው ግን ያሬድ የተማረው ከምን እንደሆነ ማስተዋል ነው፦ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሚደጋገም እንቅስቃሴ ተማረ። ዛሬም የአቋቋም ተማሪ የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው፤ መምህሩ ያሳያል፣ ተማሪው ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይሞክራል።

ከዚያ በኋላ ያሬድ መዝሙረ ዳዊትንና ሌሎች መጻሕፍትን በአጭር ጊዜ አጠናቆ ዲቁና ተቀበለ። የዜማው መገለጥ የሚተረከው ቀጥሎ ነው። ከገነት የመጡ ሦስት አዕዋፍ በሰው አንደበት አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ፤ ሲመለስም በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ አዜመ። ይህ የመጀመሪያ ዜማ አርያም ይባላል። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ሕዝቡ ድምፁን ሰምተው እየሮጡ እንደመጡ ገድሉ ያትታል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች ከዚህ መገለጥ ጋር ይያያዛሉ። ካህናተ ሰማይ በትውፊቱ ሲታሰቡ መንበሩን ከብበው በሥርዓት የቆሙ ናቸው እንጂ ድምፅ ብቻ አይደሉም፤ የማኅሌቱ አቋቋም የእነርሱ አምሳል ነው የሚለው የሊቃውንት ትርጓሜም ከዚህ የመነጨ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ትዕይንት በአፄ ገብረ መስቀል ፊት የሆነው ነው። ገብረ መስቀል የአፄ ካሌብ ልጅና ወራሽ ሲሆን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠ ነው። ያሬድ በንጉሡ እግር አጠገብ ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በእጁ የያዘውን ጦር (በአንዳንዱ አተራረክ የብረት ዘንግ) ሳያውቀው በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ብዙ ፈሰሰ። ያሬድም ዜማውን እስኪፈጽም ድረስ አልታወቀውም።

ይህ ትዕይንት በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ነው። ሠዓሊዎቹ ከላይ ሦስቱን አዕዋፍ፣ ከታች ጦሩ የተተከለበትን እግር፣ በያሬድ እጅ ጸናጽልንና መቋሚያን፣ አንዳንዴም ከጎኑ ከበሮ የያዙ መዘምራንን ይሥላሉ። የስንክሳሩ አጭር ትረካ አረማመድን አይዘረዝርም፤ ሠዓሊዎቹ ግን ትዕይንቱን ያለ ጥርጥር የአቋቋም ትዕይንት አድርገው አንብበውታል። በአቅራቢው አስተያየት ይህ ንባብ ትክክል ነው። አቋቋም የሚለው ቃል ቆመ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የአቋቋም መጀመሪያም እርምጃ ሳይሆን መቆም ነው። ሰውነት በዜማው ውስጥ እንዲህ ከገባ በኋላ ሥቃይ እንኳ ከቦታው አያናውጠውም የሚለው ሐሳብ፣ ለአንድ የእንቅስቃሴ ሥርዓት ከዚህ የተሻለ የመነሻ ታሪክ ሊሆን አይችልም። ትምህርቱ ጭፈራ ወይም ዝላይ ተብሎ ሳይሆን በመቆም ስም መጠራቱም በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ የሚሻውን ሁሉ እንዲጠይቅ ፈቀደለት። ያሬድ ንጉሡን አስቀድሞ በመሐላ ካሠረ በኋላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ገዳም ሄዶ እንዲመነኩስ እንዲያሰናብተው። ንጉሡ አዘነ፤ መሐላውን ግን ሊያፈርስ አልቻለም። ያሬድ ከመሄዱ በፊት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታቦተ ጽዮን ፊት አንቀጸ ብርሃን የሚባለውን የእመቤታችን ምስጋና አደረሰ፤ በዚያች ሰዓትም አንድ ክንድ ያህል ከምድር ከፍ ብሎ እንደታየ ይነገራል። ቀድሞ በምድር ላይ በጦር የተቸነከረው እግር አሁን ከምድር ተለየ። የገድሉ ጸሐፊ ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ስለ እንቅስቃሴ አስቦ ይሁን አይሁን መናገር አያስፈልግም፤ አንባቢው ግን ሳያስተውለው አያልፍም።

ሰሜን

ያሬድ የተጓዘበት መንገድ በትውፊት ብዙ ቦታዎችን ያካትታል። ጣና ቂርቆስ ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር እንደቆየበት ታስታውሳለች፤ በጋይንት የምትገኘው ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት መፍለቂያ ተደርጋ ትቆጠራለች፤ እስከ ዘመናችንም የዚሁ ትምህርት ማዕከል ናት። የሕይወቱ መጨረሻ ግን ሰሜን ነው። በዚያ በጾምና በጸሎት ተወስኖ፣ በሰሜንና በጸለምት ደቀ መዛሙርትን እያስተማረ ኖረ። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ዐረፈ የሚሉ አሉ፤ አልሞተም ተሰወረ የሚሉም ብዙዎች ናቸው። ከራስ ደጀን ጋር በአንድ የተራራ ሰንሰለት ውስጥ የሚገኘውና ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ዛሬም አባ ያሬድ ይባላል።

ይህ የሕይወቱ ክፍል በአብዛኞቹ ጽሑፎች በሁለት መስመር ይታለፋል። ትዕይንት የለበትም፤ ንጉሥ የለበትም፤ ተአምሩም ጥቂት ነው። ስለ እንቅስቃሴ ትውፊት ለሚያጠና ሰው ግን የታሪኩ እምብርት እዚህ ይመስላል። በቤተ መንግሥት የተወለደ የእንቅስቃሴ ጥበብ ዕጣ ፈንታው ከቤተ መንግሥቱ ጋር የታሠረ ነው። የአውሮፓ ባሌ በነገሥታት አዳራሽ ተወልዶ፣ በነገሥታት ግምጃ ቤት ደመወዝ እየተከፈለው አደገ፤ ግምጃ ቤቱ ሲናጋም አብሮ ተናጋ። ያሬድ በገድሉ እንደሚታየው ከንጉሡ የወርቅም የርስትም ስጦታ አልጠየቀም፤ መለየትን ጠየቀ። ዜማውና አቋቋሙ ከዚያ በኋላ የተላለፈው በደሞዝተኛ ባለሙያ ሳይሆን ዳዊቱን በማኅደር፣ ቁራሹን በአኮፋዳ ይዞ ከመምህር ወደ መምህር በሚዞር ተማሪ ነው። አክሱም ከተማነቷ ደክሞ፣ ነገሥታቱ ወደ ደቡብ ተሻግረው፣ ሥርወ መንግሥት ተለዋውጦ ሳለ ትምህርቱ ያልተቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

የደረስጌ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ደረስጌ በጃናሞራ፣ በእነዚሁ ተራሮች ግርጌ የምትገኝ ናት። ሰሜንንና ትግራይን ይገዛ የነበረው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ወጪ አሠራ፤ በሥራውም ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር ተሳትፏል። ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን ለራሱ ንግሥ እንዳሰበው ይነገራል። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አድርጎ፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ተቀባ። ከ13 ዓመት በኋላ የቴዎድሮስም ዘውድ በመቅደላ አበቃ። በአንድ የተራራ ሰንሰለት ሥር አንዱ ዘውድ ፍለጋ መጣ፣ ሌላው ከዘውድ ሸሽቶ መጣ፤ የሸሸው ሰው ያመጣው ነገር ረዘም ያለ ዕድሜ አገኘ።

የማን እርምጃ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነጥብ አለ። ዛሬ በማኅሌት ላይ የምናየው እያንዳንዱ እርምጃ ከያሬድ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ድጓው ራሱ በአንድ ሰው እጅና በአንድ ዘመን ተጽፎ ያለቀ አይደለም። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላጸናቸው የእመቤታችን በዓላት የሚዜሙ ክፍሎች በድጓው ውስጥ መኖራቸው መጽሐፉ ከያሬድ በኋላም ሲያድግ እንደኖረ ያሳያል። በቃላቱ ላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶችም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁ መሆናቸውን የቤተ ክርስቲያኗ ትውፊት ራሱ ይመሰክራል።

ምልክቶቹ ደግሞ የድምፅ ምልክቶች ናቸው፤ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያዝ ይነግራሉ። መቋሚያው በየትኛው ቃል ላይ እንደሚነሣ፣ እግር በየትኛው ምት ላይ እንደሚለወጥ የሚያሳይ ሙሉ ምልክት በድጓው ላይ አይታይም። አንድ ቃል በመጀመሪያ በቁም፣ ያለ መሣሪያ ይዜማል። ቀጥሎ በዝማሜ፣ መቋሚያው ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመራ ይደገማል። ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ገብተው በመረግድ ይቀጥላል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ወደ ጽፋት ያድጋል፤ በጭብጨባም ይደምቃል። ወረቡ ደግሞ የራሱ ረጋ ያለ ውበት አለው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የመምህሩ ሰውነት ነው። ትርጓሜውም እንዲሁ በቃል ይተላለፋል፦ የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፤ ጠፍሩ የክርስቶስ ግርፋት፤ ጸናጽሉ የያዕቆብ መሰላል፤ የዝማሜው ወዲያና ወዲህ ማለት አይሁድ ጌታን እያንገላቱ መግፋታቸው። ተማሪው እርምጃውንና ትርጓሜውን አንድ ላይ ካልያዘ ተምሯል አይባልም።

በቃልና በሰውነት የሚተላለፍ ነገር በየመምህሩ ጥቂት በጥቂት ይለወጣል። ለዚህም ነው አቋቋም ዛሬ በአንድ መልክ የማይገኘው። ጎንደር በዓታ የጎንደር አቋቋም ምስክር ቤት ናት፤ በደብረ ታቦር ደግሞ ተክሌ የተባሉት መምህር ያቋቋሙት፣ በስማቸው የተክሌ አቋቋም የሚባለው ሥርዓት ጸንቷል። ሳንኳ የሚባልም አለ። በሁለቱ ትላልቅ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት በዝማሜው አኳኋንና በከበሮው አመታት ላይ ስለሚታይ፣ የለመደ ሰው ማኅሌቱን ከሩቅ አይቶ ሊለየው ይችላል። ተክሌ በኮሪዮግራፈርነት ስማቸው የተጠራበት ጥናት ግን ለማግኘት ያስቸግራል፤ ሁሉም ነገር ያሬዳዊ ተብሎ ስለሚጠቀለል የእርሳቸው ድርሻ በያሬድ ስም ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል።

ተመሳሳይ ነገር በሌላ ሀገርም ደርሷል። ማሪዩስ ፔቲፓ እ.ኤ.አ. በ1818 በማርሴይ ተወልዶ በ1847 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የሄደ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ የሩሲያ ባሌ አባት ተደርጎ ይቆጠራል። ዓለም የሚያውቀው የ1895ቱ ስዋን ሌክ በስሙ ይጠራል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸውን የሐይቁን ትዕይንቶች ያዘጋጀው ረዳቱ ሌቭ ኢቫኖቭ ነው። ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር የተቻለው መዝገብ በመኖሩ ነው። ቭላዲሚር ስቴፓኖቭ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው የእንቅስቃሴ አጻጻፍ ዘዴ የፔቲፓ ሥራዎች ተመዝግበው፣ ከአብዮቱ በኋላ በኒኮላይ ሰርጌዬቭ እጅ ከሩሲያ ወጥተው፣ ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የኢቫኖቭን ድርሻ ከፔቲፓ ለመለየት የሚሻ ሰው ወደ ሰነድ ይሄዳል። የተክሌን ድርሻ ከጎንደሩ ለመለየት የሚሻ ሰው ግን መሄድ ያለበት ወደ መሪጌታ ነው፤ ያ መሪጌታ ደቀ መዝሙር ሳይተካ ካለፈ የሚጠየቅ የለም።

ስለዚህ ያሬድን የአቋቋም ደራሲ ማለትና የአቋቋም መሥራች ማለት አንድ አይደሉም። ደራሲ ስንለው ጌራንና ራጉኤልን፣ ተክሌንና ስማቸው ያልተመዘገበውን የበዓታ መምህራን እናጠፋለን። መሥራች ስንለው ግን ገድሉም፣ ሥዕሉም፣ የትምህርቱ አወቃቀርም ይደግፈናል፤ በዜማ የቆመ ሰውነትን ለዚህ ትውፊት የሰጠው፣ ከንጉሥ አደባባይም ነጥሎ ለደቀ መዝሙር ያስረከበው እርሱ ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት በስሙ መጠራቱ ተገቢ ቢሆንም፣ ፒያኖና ቫዮሊን፣ ክራርና ማሲንቆ በሚሰጥበት ግቢ አቋቋም የትምህርት ክፍል አለመሆኑ የያሬድን ግማሽ ብቻ እንደተቀበልን የሚያሳይ ይመስላል።

በጉባኤ ቤቱ ያለው ልማድ በዚህ ረገድ ከዘመናዊው ጥናት የተሻለ ትክክለኛነት አለው። ለምስክርነት የደረሰ ተማሪ ትምህርቱን ከማን እንደተቀበለ፣ መምህሩም ከማን እንደተቀበለ፣ ሐረጉን እየቆጠረ ወደ ላይ ይወጣል። የያሬድ ስም የሚደርሰው በመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የቅርቦቹ መምህራን ስም አንድ በአንድ ይጠራል።